አልጋ ሥር ላለችው እንግዳ

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል የአባቶቻችን ተረት። በሀገር ቤት ሳለሁ ይህ ተረት በአስመሳይ ሰው ላይ ሲተረት እሰማ ነበር። በቅርቡ ግን በገዛ ቤቴ፣ በአንዲት ድመት ላይ እንደ ፍርድ ሲነበብ ሰማሁትና ይግባኝ ለማለት ብዕሬን አነሣሁ።

የምኖረው በዘ ሔግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር ነው። የስሙ ትርጉም የሠዓሊያን ሰፈር ማለት ነው፤ ጎዳናዎቹም በሬምብራንት፣ በሆቤማና በመሰሎቻቸው ስም ይጠራሉ። የሚኖርበት ሕዝብ ግን አብዛኛው ከቱርክ፣ ከሞሮኮ፣ ከሱሪናምና ከሌላም ሩቅ አገር የመጣ፣ አለዚያም ከመጡት የተወለደ ነው። መድረስ ምን እንደሆነ ከዚህ ሰፈር የበለጠ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም ነበር። ከእንስሳት መጠለያ ተቀብዬ ያመጣኋት ድመት ከሣጥኗ እንደወጣች አልጋ ሥር ገባች። ሌሊት እኔ ስተኛ ትበላለች፤ ቀን ግን አትታይም። በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ ቡና ሊጠጡ የመጡ ወዳጆቼ ፈረዱባት። አንደኛው «በሞቴ!» እያለ ሥጋ ይዞ ከአልጋው ሥር ሊጎትታት ሞከረ፤ ቧጨረችው። «ውለታ ቢስ ናት፤ ወደ መጣችበት መልሳት» አለኝ። ሌሎቹም ተረቱን ጨመሩበት።

ለመሆኑ ጥፋቷ ምንድን ነው? ድመት ከሰው አስቀድማ የምትለማመደው ቦታን ነው፤ ቦታንም የምታውቀው በሽታው ነው። በአዲስ ቤት የእርሷን ጠረን የያዘ አንድም ግድግዳ፣ አንድም ጨርቅ የለም። ስለዚህ ትሸሸጋለች፤ ተሸሽጋም ታዳምጣለች፣ ታሸታለች፣ መውጫውን ታጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የሆላንድ መጠለያ አዲስ የገቡ 19 ድመቶችን አጥንተው ነበር። ለከፊሎቹ መሸሸጊያ ሣጥን ሰጡ፤ ለቀሩት አልሰጡም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሣጥን ያገኙት ጭንቀታቸው ፈጥኖ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው ሥጋም ልመናም ሳይሆን ተራ ሣጥን ነው። ስለዚህም ዐዋቂዎች ሲመክሩ፦ መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ስጧት፤ ምግቧን ከአሸዋዋ አርቁ፤ መሸሸጊያ አድርጉላት፤ ራሷ እስክትመጣ አትንኳት ይላሉ። አንዳንዷ በቀናት፣ አንዳንዷ በሳምንታት፣ አንዳንዷም በወራት ትወጣለች። ትዕግሥት ግን ቸልታ አይደለም፤ ከአንድ ቀን በላይ ምንም ካልበላች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሙግቴ ከወገኖቼ ጋር ነው። እንግዳ ተቀባዮች ነን እያልን እንኮራለን። ነገር ግን «ብላ በሞቴ» ስንል ስንት ጊዜ ስለ እንግዳው ረኀብ፣ ስንት ጊዜስ ስለ ራሳችን ቸርነት እናስባለን? ጉርሻው ካልተዋጠ የምንቀየመው ለምንድን ነው? ከእንግዳው የምንሻው ምስጋና ሲዘገይ፣ ፍርሃቱን ንቀት ብለን እንሰይመዋለን።

ሁለተኛው ሙግቴ ከዚህች አገር ጋር ነው። «በሆላንድ ከስደተኛ ድመት ይሻላል» የሚለውን የተለመደ ምሬት አልጋራም። ምሕረት ለድመት ሲሰፈር ለሰው የሚጎድል የጤፍ ቁና አይደለም። የእንስሳት መከላከያ ማኅበር በዚሁ በዘ ሔግ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። በአምስተርዳም ሄንሪየተ ቫን ዌልደ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1966 የጎዳና ድመቶችን ማስጠጋት ጀመሩ፤ ቤታቸው ሲሞላ በ1968 ጀልባ ገዝተው በቦይ ላይ አኖሯቸው። ሥራቸውን አከብራለሁ። የምጠይቀው፣ ያ ዕውቀት ስለምን በድመት ላይ ቆመ? ብዬ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የሚሠራው የውህደት ሕግ ለመጤው ሦስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በራሱ ጥፋት ካላጠናቀቀ ይቀጣዋል። ቋንቋ መማር ይጠቅማል፤ አልክድም። ሰዓቱ የሚቆጠረው የመኖሪያ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው የሚሉም አይጠፉም። ነገር ግን ያ ሰው ፈቃዱን እስኪያገኝ ከመጠለያ ወደ መጠለያ ሲዘዋወር ከርሟል። አንዲትን ድመት እንዲህ ከክፍል ክፍል እያመላለሰ፣ ለምን አልለመደችም ብሎ የሚቆጣትን ሰው የትኛው መጠለያ ድመት ይሰጠዋል? የፈራ አይማርም። ይህን ለድመት የሚያውቅ አገር ለሰው አላውቅም ሊል አይችልም።

ድመቷን አልመለስኳትም። በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ሳነብ ወጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከጭኔ ላይ ሳይሆን መውጫውን ከምታይበት ቦታ። ዓመሏን አልረሳችም። ተረቱ በዚህ እውነት ተናግሯል፤ የተሳሳተው እንደ ነውር በመቁጠሩ ነው። ለመኖር ሲባል ዓመልን መርሳት ግዴታ የሆነበት ቤት መጠጊያ አይባልም።

ለወዳጆቼ ያለኝ ልመና አጭር ነው። እሑድ ኑ፤ ቡናው ተፈልቷል። ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። አልጋው ሥር ግን አትመልከቱ።