ማሲንቆው ሲነሳ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የምንጭ ውሃን ስለ መከለል ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ዘፈን እንጫወት። «ዘፈን ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እኛ አለው እንላለን።

መጀመሪያ ይህችን ቃል ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ት-ዝ-ታ። ትዝታ። ሦስት ፊደል ናት። ሦስቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ትዝታ ማለት ያለፈውን ማስታወስ ነው። ትዝታ የዘፈንም ስም ነው። የቅኝትም ስም ነው።

ቅኝት ምንድን ነው? ክራር ደርዳሪ ከመጫወቱ በፊት ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል። ድምፁን ያስማማል። አይታችሁት ይሆናል። ያ መቃኘት ይባላል። በአገራችን በሰፊው የታወቁት ቅኝቶች አራት ናቸው። እነሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ የቆመው በአምስት ድምፅ ነው። በአምስት ድምፅ ብቻ! እኛ የምናስተምራችሁ ፊደል በመደቡ ላይ ሲቆጠር 231 ነው። ዘፋኙ ግን በአምስት ድምፅ ሰውን ያስለቅሳል፣ ያስጨፍራል።

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው። ባቲ የገበያ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ይቆማል። ከቆላ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይመጣል። ከደጋ አማራውና ኦሮሞው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። አምባሰል ደግሞ በደቡብ ወሎ ያለ ተራራማ አገር ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት የሰማ ሰው ስለ ቅኝት አስተማሪ አያስፈልገውም። (ወሎ የመንዙማም አገር ነው። መንዙማ ግን የእምነት ነገር ስለ ሆነ ከዘፈን ጋር አንቀላቅለውም። ሌላ ጊዜ ለብቻው እንጽፍበታለን።)

እኛ የዚህ ዓምድ ጸሐፊዎች ሦስት ነን። የመጣነው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በከተማ ሳለን ዘፈን የምንሰማው በስልክ ነበር። ማዳመጫውን ጆሯችን ላይ ሰክተን፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን። ጎረቤት ምን እንደሚሰማ አናውቅም። እዚህ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ሆነብን። ማታ ማታ ከወንዙ ማዶ ዋሽንት ይሰማል። ዋሽንት ያው እንደምታውቋት ከሸምበቆ የምትሠራ፣ አራት ቀዳዳ ያላት ናት። አንዱ እረኛ ይነፋል፣ መንደሩ በሙሉ ይሰማል።

ሰው ዘፈን ሲሰማ ለምን ያለፈውን ያስታውሳል? ስለ አእምሮ የሚመራመሩ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል። ያገኙት ነገር እናንተ ከምታውቁት ብዙም አይርቅም። ሰው አብልጦ የሚያስታውሰው በልጅነቱና በወጣትነቱ የሰማውን ዘፈን ነው። ከ10 ዓመቱ እስከ 30 ዓመቱ ገደማ የሰማውን ማለት ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አረጋውያን አሉ። አንዳንዶቹ የልጃቸውን ስም እንኳ ይረሳሉ። የወጣትነታቸውን ዘፈን ሲሰሙ ግን ግጥሙን ሳይስቱ አብረው ያዜማሉ። የሚገርም አይደለም?

ታላቁ ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ነው። እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ከሦስታችን አንዱ ግን ያን ፋሲካ አይረሳውም። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሳለ አባትየው ራዲዮኑን አቅፈው ሲያለቅሱ አየ። አባቱ ሲያለቅሱ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ዛሬም የጥላሁን ድምፅ ከተሰማ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣብኛል ይላል። እንስቅበታለን። ግን እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ እንሂድ።

በጥር ወር ከምናስተምርበት ቀበሌ ሰርግ ተጠራን። ከሰርጉ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሙሽራው ከኮምቦልቻ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ልከራይ አለ። አባትየው ደግሞ «ያለ አዝማሪ ሰርግ አልደግስም» አሉ። በመጨረሻ ሁለቱም ይሁን ተባለ። ቀን ሞንታርቦው ጮኸ። ወጣቱ ጨፈረ። እኛም ጨፈርን፣ ምን እንደብቃለን። ማታ ቤንዚኑ አለቀ። ዳሱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አዝማሪው ከጥግ ብድግ ብሎ ማሲንቆውን አነሳ።

ማሲንቆ ያለችው አንዲት ክር ናት። እሷም ከፈረስ ጭራ ናት። ሣጥኑ በቆዳ ይለበጣል። ደጋኑም ጭራ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤንዚን አይጠጣ፣ ባትሪ አይበላ። አንዱ ሽማግሌ ተነስተው «ተቀበል!» አሉ። ግጥም ነገሩት። አዝማሪው ያቺኑ ግጥም ከአፋቸው ነጥቆ በዜማ መለሳት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተነሳ። «ተቀበል!» አማቱን ነካ። አማትየው በተራቸው ተነስተው መለሱለት። ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሙገሳው፣ ሽሙጡ፣ ሰምና ወርቁ ተደበላለቀ። ለሞንታርቦ ተቀበል ብትሉት እኮ አይቀበላችሁም። የተጫነበትን ብቻ ይጮሃል።

አንዲት እናት አሉ። ተማሪያችን ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ነግረውናል። እኛም መንደሩም እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው ወደ ሳውዲ አረቢያ ከሄደች 4 ዓመት አልፏታል። በሰው ቤት ትሠራለች። ሙሽራው አብሮ አደጓ ነው። ከብት አብረው ጠብቀዋል። እማማ ከኋላ ከሴቶቹ መሀል ተነሱና «ተቀበል ልጄ!» አሉ።

ሁለት ስንኝ ነገሩት። ስንኙን እዚህ አንጽፈውም፤ የእሳቸው ነው። ነገሩ ግን ይህ ነው። የልጃቸውን እኩያ እየዳሩ የራሳቸውን ልጅ ከባሕር ማዶ እንደሚጠብቁ የሚናገር ነው። አዝማሪው ፈጣኑን የሰርግ ዘፈን ተወው። ማሲንቆውን አዘገየ። ትዝታ ሆነ። ዳሱ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሙሽራው አንገቱን ደፋ።

ይሄኔ አንድ ሰው ተቆጡ። «በሰርግ ቤት ልቅሶ አይገባም! ሟርት ነው! አስቁሙት!» አሉ። አንዳንዱም አዎን አዎን አለ። የሙሽራው አባት ግን እጃቸውን አነሱ። «ተዋቸው ይጨርሱ» አሉ። «ከዚህ ዳስ ውስጥ ልጁ ያልሄደበት ማን አለ?» የመለሰላቸው የለም። አዝማሪው ጨረሰ። ቀጥሎም ያንኑ ማሲንቆ ወደ እስክስታ አዞረው። ሰውም እንባውን ጠርጎ ተነሳ።

እኛ ከአባትየው ጋር ነን። ሰርግ ላይ የሌለውም ሰው እንግዳ ነው፤ ስሙ ሊጠራ ይገባዋል። ሞንታርቦው እየጮኸ ቢያድር ኖሮ እማማ አንዲት ቃል ባልተናገሩ ነበር።

ሰኞ ማታ እማማ ደብተራቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው መጡ። «ያን ያልኩትን ልጻፈው፤ ነገ እረሳዋለሁ» አሉ። እኛ እንጻፍልዎ አልናቸው። «እናንተ ከጻፋችሁትማ የናንተ ሆነ» አሉ። ሁለቷን ስንኝ ለመጻፍ አራት ማታ ፈጀባቸው። «ነ» እና «ኘ» ይምታቱባቸዋል። ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው፤ በሌላ ገጽ ጀመሩ። አንድ ቀን ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ በስልክ መብራት ጻፉ።

ሲጨርሱ ገጹን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ኔትወርክ ያለው ከኮረብታው ላይ ነው። ሄደን ላክነው። አንድ ቀን ጠበቅን፣ መልስ የለም። ሁለት፣ ሦስት ቀን የለም። እማማ በየማታው «መጣ?» ይሉናል። ልጅቱ ስልክ የምትይዘው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። ቢሆንም ይጠይቃሉ።

በስድስተኛው ቀን መጣ። ስልኩን ሰጠናቸውና ራሳቸው አነበቡት። ሁለት ቃል ናት። «ማን ጻፈልሽ?» ትላለች።

እማማ ምንም አላሉንም። እርሳሱን አነሱና «እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። «ኝ»ን አልሳቷትም። ወረቀቱን ይዘን ወደ ኮረብታው ወጣን።