ጥያቄው የማን ነው? ቆሼ፣ አፈርና የምርምር ገንዘብ

ከአድዓና ከበቾ ሜዳ ጤፍ፣ ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከደቡብና ከምዕራብ ቡና ወደ አዲስ አበባ ይገባል። ከእህሉና ከአትክልቱ ጋር ደግሞ ማንም ዋጋ ያልተመነለት ሌላ ጭነት አብሮ ይጓዛል፤ ይኸውም ሰብሉ ከአፈሩ የመጠጠው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ነው። ከተማው የሚበላውን በልቶ ልጣጩን፣ አተላውንና የጫቱን ገረባ ወደ ገንዳ ይጥላል። መኪናውም የገንዳውን ይዘት ለስድሳ ዓመታት ያህል ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ቆሼ ሲያጓጉዘው ኖሯል። ስለሆነም ቆሼ ከገበሬው ማሳ ተወስዶ ወደ ማሳው ያልተመለሰ ለምነት የተከማቸበት ሥፍራ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ገበሬው ማዳበሪያ ለመግዛት ሲበደር ከተማው ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ሲጥል ይታያል። ይህን ለመለወጥ ምን ያስፈልጋል ቢባል ብዙዎቻችን «ገንዘብና ቴክኖሎጂ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። በእኔ እምነት፣ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የሚገኙትን የእርሻ ወረዳዎች በአንድነት አቅፎ ለዘላቂ ግብርና ምርምርና ትምህርት ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም ያስፈልገናል። የፕሮግራሙ መሪ ሊመዘን የሚገባውም ባከፋፈለው ብር ብዛት ሳይሆን፣ የምርምሩን ጥያቄ ማን እንዲጠይቅ በማድረጉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ ማስረዳት ነው።

ፊዚክስ ምን ይላል?

«የፊዚክስ መምህር ስለ ኮምፖስት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባኝ በኢነርጂና በልኬት በኩል ነው። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዶ የተሠራ ነው። ማመንጫው ክምሩን ለመቀነስ የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው በቀላሉ የሚበሰብስና ውሃ ያዘለ የምግብና የዕፀዋት ተረፈ ምርት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ኪሎ ግራም የድንች ልጣጭ 70 በመቶው ውሃ ነው እንበል። ቀሪው 300 ግራም ደረቅ ነገር ሲቃጠል 5 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። 700 ግራሙን ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 1.8 ሜጋጁል ያህል ይወጣል። ከሙቀቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ውሃ ለማትነን ይውላል ማለት ነው። በእሳቱም ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበተናል።

ያው ልጣጭ አየር በሚገባው ክምር ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ጥቃቅን ሕዋሳት ራሳቸው ያሞቁታል። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆንና እርጥበቱ ሲመጠን የክምሩ ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም አብዛኞቹን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች ይገድላል። አየር ካጣ ግን ሚቴን ያመነጫል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን የማሞቅ አቅም አለው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። «እንግዲያው ቆሼን ቆፍረን ማሳ ላይ እንበትነው» የሚል ካለ፣ ሳይንስ አይሆንም ይለዋል። በቆሼ ክምር ውስጥ ልጣጩ ከባትሪ ድንጋይ፣ ከቀለም ጣሳ፣ ከፌስታልና ከተሰባበረ ብርጭቆ ጋር ተቀላቅሏል። ኮምፖስት ሲብላላ ካርቦኑ ወደ አየር ስለሚሄድ ደረቅ ክብደቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እርሳስና ካድሚየም ግን ሙቀት አያጠፋቸውም፤ የትም አይሄዱም። ስለዚህ ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው የእነዚህ ብረታት መጠን እጥፍ ይሆናል። በትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚጠጡ የአዲስ አበባ የአትክልት ማሳዎች ላይ ተመራማሪዎች ከባድ ብረታትን ማግኘታቸውም ሥጋቱ የወረቀት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። በመሆኑም ማዳበሪያ የሚሆነው ቆሻሻ ገና ከቤት ሲወጣ ተለይቶ መሰብሰብ አለበት።

የሰንዳፋ ትምህርት

የቴክኒክ መልሱ በእጃችን ሳለ ለምን አልተሳካልንም? በ2008 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በፈረንሣይ የልማት ድርጅት ድጋፍ በሰንዳፋ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ፤ ቆሼም ሊያርፍ ነው ተባለ። ይሁን እንጂ የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ሽታው፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አቤት አሉ፤ ተቃውሞአቸውም በርትቶ ሥፍራው በዚያው ዓመት አገልግሎቱን አቆመ። ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ።

ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጡ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እንዲህ ያለውን አደጋ በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሆኖም ማንኛውም ክምር እየሾለ ሲሄድና በውስጡ የታመቀው ፈሳሽና ጋዝ ግፊቱን ሲጨምር፣ ቁልቁለቱን ይዞ የሚያቆመው ሰበቃ እንደሚዳከም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያውቃል። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍ በቆሼ የተሞከረው የፉኩዎካ ዘዴም፣ በቱቦዎች ፈሳሹን እያስወጣ አየር የሚያስገባ በመሆኑ በዚሁ መርህ ላይ የቆመ ነው።

ከሰንዳፋ የምንማረው ምንድን ነው? የምሕንድስናው ጥያቄ «ቆሻሻውን የት እናስወግድ?» የሚል ነበር። ይህ የከተማው ጥያቄ ነው። የገበሬው ጥያቄ ግን «ወደ መሬቴ የሚመጣው ነገር ለአፈሬ፣ ለውሃዬና ለከብቴ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህኛው ጥያቄ አስቀድሞ በምርምር ቢጠናና ገበሬው ራሱ በልኬቱ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ከከተማው የሚመጣው መኪና የሚያስፈራ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅ ነገርም ሊይዝ በቻለ ነበር።

ገንዘቡን ማን ይምራው?

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ተምሬአለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠናው የገንዘብ ሰጪው ፍላጎት ነው። ጥያቄው ከጥሪው ማስታወቂያ ይወለዳል፤ አመልካቹም ያንን ጥያቄ በጥሩ ቋንቋ አሳምሮ ይመልሳል። የአፈርና የምግብ ምርምር በዚህ መንገድ ሲመራ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ መቅረት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረው የዘላቂ ግብርና ምርምርና ትምህርት ፕሮግራም አገሪቱን በአራት አካባቢዎች ከፍሎ ይሠራል። በየአካባቢው የትኛው ሐሳብ ገንዘብ ያግኝ የሚለውን የሚወስነው ምክር ቤት ከተመራማሪዎች ጋር አርሶ አደሮችን ያካትታል፤ ገበሬው ራሱ መሪ ሆኖ የሚያመለክትበት የድጋፍ ዓይነትም አለው። በአህጉራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተውና መቀመጫውን በካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው የዩኒቨርሲቲዎች የግብርና መድረክ፣ ሩፎረም፣ የምርምር ድጋፉን ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሥልጠና ጋር አያይዞ ይሰጣል። ከአገራችን ሐረማያ፣ መቐለና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች አባላቱ ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የራሳችን ነው። የዕፀዋት ሊቅና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ያቋቋሙት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ በአራት የገበሬ ማኅበረሰቦች የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። ኮምፖስት የተደረገበት፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ የተደረገበትና ምንም ያልተደረገበት ማሳ ምርት በገበሬዎቹ በራሳቸው መሬት ላይ ተለካ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተሰበሰበው ውጤት፣ በጥቅሉ ሲታይ፣ ኮምፖስት ምንም ካልተደረገበት ማሳ ጋር ሲነጻጸር ምርቱን እጥፍ ያህል እንዳሳደገና ከፋብሪካው ማዳበሪያም እንዳላነሰ አሳየ። ማሳ ከማሳ ስለሚለያይ እንዲህ ያለው ንጽጽር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ቢሆንም ልኬቱ በዓይናቸው ፊት ስለተካሄደ ገበሬዎቹ ውጤቱን የራሳቸው አደረጉት።

እንግዲህ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የምመኘው ፕሮግራም ሦስት ነገሮችን ግዴታው ያደርግ ዘንድ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በወሳኙ ምክር ቤት ከሳይንቲስቶች ጋር አርሶ አደሮች፣ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትና በቆሼ ቆሻሻ እየለዩ የሚተዳደሩ ሰዎች በእኩል ድምፅ ይቀመጡ። ምን ከምን ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመጣ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ድጋፍ ቢያንስ ሁለት ተማሪዎችን ያሠልጥን፤ ከእነዚህም አንዱ ከግብርና ውጪ፣ ከኬሚስትሪ ወይም ከፊዚክስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ያልተሳካ ሙከራ እንደተሳካው ሁሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ ይሰራጭ። ኮምፖስቱ እርሳስ ቢገኝበት ያንን ማወቅ ለገበሬው ትልቅ ውጤት ነው።

«ገበሬ የምርምር ጥያቄ ማውጣት አይችልም፤ የሳይንስ ደረጃም ይወርዳል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው በከፊል እውነትነት አለው። የከዋክብትን ብርሃን ለሚያጠና ሰው ጥያቄውን በድምፅ ብልጫ እንዲመርጥ አይነገረውም፤ መሠረታዊ ሳይንስ ነጻነቱ ሊጠበቅለት ይገባል። ከዚህም ባሻገር ናሙና አወሳሰድን፣ የስሕተት ግምትንና የማነጻጸሪያ ማሳን የሚመለከተው ጉዳይ የባለሙያው ነው፤ በዚህ ላይ መለሳለስ ገበሬውን መበደል ነው። ነገር ግን ጥያቄን መምረጥና ጥያቄን በትክክል መመለስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ታማሚው የት እንደሚያመው ሲናገር የሕክምና ሳይንስ ደረጃው አይወርድም።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ፕሮግራም እስኪቋቋም መጠበቅ የለባችሁም። በየግቢያችሁ ካፍቴሪያ በየቀኑ የሚጣል ልጣጭ አለ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ክምር፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ለመጀመር ይበቃል። የክምሩን ሙቀት ጠዋትና ማታ መዝግቡ፤ መቼ እንደሚወጣ፣ ስታገላብጡት ምን እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ አንድ ገበሬ ወይም አትክልተኛ ሂዱና «ይህን ማዳበሪያ ብሰጥዎ በመጀመሪያ ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእርሱ ጥያቄ ይጻፍ።