ለትንሿ ዕቃ መለዋወጫ ማኖር የነጋዴ ብልኀት ነው

የመተማ ገበያ ጥንታዊ ገበያ ነው። ሲራራ ነጋድያን ቡናውንና ሰሙን በግመልና በአህያ ጭነው በዚያ በር ወደ ሱዳን በሚያሻግሩበት ዘመን፣ የነጋዴው መሣሪያ ሚዛኑና መዝገቡ ብቻ ነበረ። ሚዛኑ ቢሰበር ቀጥቃጭ ያበጀዋል፤ መዝገቡ ቢያልቅ ሌላ ይገዛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረና በመተማም የሰሊጥ መረከቢያ መጋዘን ካቆመ ወዲህ ግን ዘመኑ ተለውጧል። ዛሬ ባለመጋዘኑ ነጋዴ ዋጋውን በመሥመር ይሰማል፤ የምድር ሚዛኑን ቁጥር በኮምፒዩተር ይመዘግባል፤ ሒሳቡንም በሰርቨር ያኖራል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ሰርቨሩና ስዊቹ በተደረደሩበት ራክ ጀርባ የሚተከለው፣ ብዙ ሶኬት ያለው የኃይል ማከፋፈያ ነው። ማከፋፈያው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ለየመሣሪያው ኃይል ማደል ነው። ሁለተኛውን የምትሠራው መዳፍ የምታህል የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሞጁል ናት፤ እርስዋም የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ እየለካች በሩቅ ላለው ባለሙያ ታስታውቃለች፣ በአንዳንዱ ዓይነትም ስትታዘዝ አንዱን ሶኬት ለይታ ታጠፋለች፣ ታበራለች። ጎንደር የተቀመጠ ቴክኒሻን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጓዝ በመተማ የቆመውን ሰርቨር አጥፍቶ ሊያስነሣ የሚችለው በእርስዋ ነው።

የቆላው አየር ለእንዲህ ያለ ዕቃ አይራራም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ወራት የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በውስጥ ያለው ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ላይ አቧራውና የኃይሉ መዋዠቅ ሲታከልበት፣ ሞጁሏ አንድ ቀን መታመሟ አይቀርም። ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር በዚሁ አገር ማለፉ ለቆላው ክብር ነው፤ ነገር ግን የታላቁ መሥመር ኃይል የትንሿን ካርድ ጉድለት አይሸፍንም።

ሞጁሏ በተበላሸች ጊዜ ነጋዴው ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንደኛው ደንግጦ ኃይሉን ሁሉ መቁረጥና ማከፋፈያውን በሙሉ አውልቆ መጣል ነው። ሁለተኛው «መብራቱ እስካለ ድረስ ምን ቸገረን» ብሎ መተው ነው። ዘበኛ ቢታመም መጋዘን አይፈርስም፤ ስለሆነም በኅዳር ወር ሰሊጥ የጫኑት መኪናዎች በተሰለፉበት ሰዓት መጋዘኑን መዝጋት አያሻም። በአብዛኛው ማከፋፈያ፣ መቆጣጠሪያዋ ብትሞት እንኳ ሶኬቶቹ ኃይል መስጠታቸውን አያቋርጡም። ይሁን እንጂ ዘበኛ የሌለው መጋዘን እንዳለ አይቀመጥም፤ ጭነቱ ከልክ አልፎ ብሬከሩ እስኪወድቅ ድረስ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አይኖርምና።

ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። በመጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የሞጁሏ መሆኑን ማጣራት ይገባል፤ የኔትወርክ ኬብሉ ወይም የስዊቹ ቀዳዳ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ጤነኛዋ ሞጁል የምትነቀልበት ጊዜ አለና። ቀጥሎ በመመሪያው መሠረት ሞጁሏን ብቻ እንደገና ማስነሣት ነው። ይህ ካልረዳ፣ አምራቹ ኃይል ሳይቋረጥ እንድትለወጥ አድርጎ የሠራት ከሆነች፣ ባለሙያው የሰውነቱን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ካሳለፈ በኋላ ብሎኗን ፈትቶ ያወጣታል፣ በዚያው ዓይነት ይተካታል። እንዲህ ያልተሠራች ከሆነች ግን ሥራው በታወቀ ሰዓት፣ ኃይሉ ተቋርጦ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ እጅ ብቻ ይፈጸም። ሶኬት በሚያጠፋውና በሚያበራው ዓይነት ላይ፣ አዲሲቱ ሞጁል በምትነሣበት ጊዜ ሶኬቶቹን በምን ሁኔታ እንደምትይዛቸው አስቀድሞ ማንበብ ግዴታ ነው።

ከተተካችም በኋላ ሥራው አላለቀም። አዲሲቱ ሞጁል የራሷ መለያ ቁጥር ስላላት በኔትወርኩ መዝገብ እንደገና መጻፍ፣ የፋብሪካውንም የይለፍ ቃል መለወጥ ያስፈልጋል። የቀድሞው አድራሻና የጭነት ልክ በወረቀት ተጽፎ ከራኩ በር ላይ ካልተለጠፈ፣ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ሥራ ቀን ይፈጃል።

«ለማትታወቅ ቀን ገንዘብን በካርድ ላይ ማሰር ኪሳራ ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ሐሳቡ ቀላል አይደለም፤ ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፣ የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ከተተመነ በኋላ ዋጋው ከብዷል። ነገር ግን ይኸው ክብደት ሞጁሏን ለመለወጥ ሲባል ሙሉውን ማከፋፈያ መጣልን ይበልጥ ያስነውራል። መፍትሔውም ከነጋዴው ልማድ ውስጥ ይገኛል። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች አንድ ሆነው አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ይችላሉ፤ እንደዚሁ በመተማና በገንዳ ውሃ ያሉ የንግድ ቤቶች ተመካክረው አንድ ዓይነት ማከፋፈያ ቢገዙ፣ ለሁሉም የሚሆኑ አንድ ወይም ሁለት መለዋወጫ ሞጁሎች ይበቋቸዋል። ዕቃውም ከሙቀትና ከአቧራ በተጠበቀ ስፍራ፣ በነጋድያን ማኅበር አደራ ሊቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ ነጋዴው ማከፋፈያ በሚገዛበት ቀን ዋጋውን ብቻ አይጠይቅ። «መቆጣጠሪያዋ ለብቻዋ ትለወጣለችን? መለዋወጫዋ ይገኛልን? ኃይል ሳይቋረጥ ትነቀላለችን?» ብሎ ይጠይቅ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሻጭ፣ ዕቃውን በርካሽ ቢሰጥም፣ ውድነቱ የሚታወቀው በመከር ወራት ነው።