ጋፋት፦ የኢንዱስትሪ ጅማሮ ወይስ የግዞት ግቢ?

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ሁለት ስም አለው። ለአንዱ ወገን የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ የተወለደበት ቦታ ነው፤ ለሌላው አፄ ቴዎድሮስ የውጭ ሰዎችን ይዘው መድፍ ያሠሩበት ግቢ። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው።

የመጀመሪያው ወገን የሚጠቅሰው ሙከራውን ነው። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ የላካቸው ወንጌላውያን የእጅ ሙያ ቢኖራቸውም መድፍ አቅልጦ ማፍሰስን ያልተማሩ ነበሩ። ንጉሡ አዘዙ፤ ተሞከረ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ተሞከረ። በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ቴዎድሮስ ደግሞ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ፈልገው ነበር፤ በ1858 ዓ.ም. ከወንጌላውያኑ አንዱን፣ ፍላድን፣ ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያዎችንና የሥራ ዕቃን እንዲያመጣላቸው ነው።

ሁለተኛው ወገን ግን የተከፈለውን ዋጋ ይቆጥራል። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ የጋፋት ሠራተኞችም እንዳሻቸው መሄድ አይችሉም ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲወጡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በጠፍር እየጎተቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጡ። መንገዱን ሲጠርጉ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የተዘረፈው የበጌምድር ገበሬ በቴዎድሮስ ላይ ማመፁም አይካድም።

በእኔ እምነት የግዴታው ክስ እውነት ነው፤ ጋፋት ለምን እንደጠፋ ግን ብቻውን አያስረዳም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ አውሮፓውያኑ እስረኞቹን ሊያስፈታ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከጋፋት ሠራተኞች አንዱ ዋልድማየር በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። ደብረ ታቦር ግን መናገሻነቷን ወዲያው አላጣችም። አፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል፤ የግብፅን መልእክተኛ ጎርደንን በ1872 ዓ.ም. የተቀበሉት እዚያ ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት እስኪወድቁ በጌምድርን ያስተዳደሩት ከዚህችው ከተማ ነበር። ዙፋን ሲለዋወጥ የጋፋት ሥራ የሚቀጥለው ሰው አላገኘም።

ለምን? ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ብሎ የሚሸሽ አገር ልጁን ወደ ምድጃ አይሰድም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ ነው። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስላልቆመ ነው። ቴዎድሮስ ሙያውን በጉልበት ሰበሰቡት፤ ኅብረተሰቡ ደግሞ ባለሙያውን አላከበረውም። ከሁለቱ የባሰ የጎዳን ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ንጉሥ ያልፋል፣ ንቀቱ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቷል።

ዛሬ ስለ ጋፋት ስንጽፍ የምንጠራው አውሮፓውያኑን፣ ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሃልን ነው። ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ጠፍሩን የጎተቱት ኢትዮጵያውያን በስም አይነሡም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአካባቢው ከአባት ወደ ልጅ የወረደውን የአንጥረኞች ትዝታ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ቢመዘግብ ለሁለቱም ወገን ክርክር የጎደለውን ምስክር ያቀርባል።