አዲሱ ቴሌቪዥንና አሮጌው ገመድ



ባለፈው የረመዷን መግቢያ ሰሞን፣ ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤቴ ሳመራ፣ እዚሁ ቦምቤ ያስተማርኩት አንድ ወጣት መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ቲቸር፣ እባክዎን ቤት ድረስ ይምጡልኝ። ወንድሜ ሌባ አድርጎኛል» አለኝ። ፊቱን ሳየው የቀልድ እንዳልሆነ ገባኝና ተከተልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። ከሱቅ ሥራው ቆጥቦ ገንዘብ ይልክና «ለእማማ የመካን ተራዊሕ አጥርታ የምታይበት ጥሩ ቴሌቪዥን ግዛላት» ይለዋል። ልጁም ሶዶ ሄዶ ባለ 43 ኢንች፣ ሙሉ ኤችዲ የተባለውን ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣው። ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጀርባ ገመዱን ነቅሎ አዲሱ ላይ ሰካው። ምስሉ መጣ፤ ግን ከአሮጌው የባሰ ነበር። ፊት ሁሉ ደብዝዟል፣ ሰው ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍሯል፣ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ አይነበብም። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለወንድሙ ላከ። ወንድምየውም «እኔ የላክሁት ገንዘብ የሚገዛው ይሄን አይደለም። ቀሪውን የት አደረስከው?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። ልጁ ደግሞ በማግስቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ነጋዴውን ሊያንቀው ወደ ሶዶ ሊሄድ ቆርጧል። እናቲቱ ምድጃው ጥግ ተቀምጠው ዝም ብለዋል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ገና ስገባ «ይሄ የዲሽ ችግር ነው» ብዬ ፈረድኩ። ግቢያቸው ውስጥ እንደ ብዙዎቻችን ሁለት ዲሽ አለ። ቀድሞ ሁላችንም በምዕራብ በኩል ናይልሳትን ብቻ ነበር የምናየው። ከ2012 (እ.ኢ.አ) ወዲህ ግን የአገራችን ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት፣ ኢትዮሳት ወደምንለው፣ ስለተሰባሰቡ ሁለተኛ ዲሽ መትከል ግድ ሆነ። በእኛ አካባቢ የምሥራቁ ዲሽ ወደ 66 ዲግሪ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ የምዕራቡ ግን 38 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚነሳ ዛፍም ቤትም ይጋርደዋል። በእነሱ ግቢ የጋረደው እንሰት ነበር። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሁለት ትልልቅ ቅጠሎች አስቆረጥኩ። እናቲቱ «ለቂጣ መጋገሪያ ይሆናል» ብለው አነሷቸው። ሪሲቨሩ ላይ ኳሊቲ የሚለው ቁጥር በእርግጥ ጨመረ። ምስሉ ግን ያው ነው፤ ቅንጣት አልጠራም።

ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ሳይሆን ከመጀመሪያው ነበር። በዱሮው የአንቴና ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስል ነበር፤ ይደበዝዛል፣ ጥላ ይሠራል። የዛሬው የሳተላይት ስርጭት ግን ዲጂታል ነው። ዲጂታል ሲግናል ሲደክም ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረሳል፣ ይደርቃል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ በመጨረሻም ስክሪኑ ይጨልማል። አይደበዝዝም። ስለዚህ ምስሉ ሳይቆራረጥ ደብዝዞ ብቻ ከመጣ፣ ዲሹ ሥራውን በደንብ ሠርቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከሪሲቨሩ ወዲህ፣ እቤት ውስጥ ነው። ይህን ብናውቅ ስንት የዲሽ ሠራተኛ በከንቱ ባልተከፈለው ነበር!

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ስል ያየሁት ያንኑ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ። ቀዩና ነጩ ድምፅ ያመላልሳሉ። ምስሉን በሙሉ የሚሸከመው ቢጫው ብቻውን ነው። ይህ ገመድ ለዱሮው ቴሌቪዥን የተሠራ ነው፤ ያም ምስል 625 መስመር ሆኖ ለዓይን የሚታየው 576ቱ ነበር። በነጥብ ሲቆጠር 720 በ576 ነው፤ ይህም 414,720 ነጥብ ይሆናል። አዲሱ ሙሉ ኤችዲ ስክሪን ደግሞ 1920 በ1080 ነው፤ ይህም 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። አካፍላችሁ እዩት፤ ልክ አምስት እጥፍ ነው። ቴሌቪዥኑ በቢጫው ገመድ የደረሰችውን አንዷን ነጥብ ለአምስት ቦታ ማዳረስ አለበት። በመድረሳ ሳለን ሉሕ ላይ በቀጭን ቀለም የጻፍነውን አንቀጽ ግድግዳ በሚያህል ሰሌዳ ላይ ለጥጠን ብናሳየው እንደማለት ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ ሁሉ ይሻክራል። አሮጌው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትንሽ ስለነበር ጉድለቱ አይታይም ነበር። አዲሱ አጋለጠው እንጂ አላበላሸውም።

ሪሲቨሩን አዙሬ አቧራውን በጋቢዬ ጫፍ ስጠርግለት ከጀርባው ጠፍጣፋ፣ ሁለቱ የታች ማዕዘኖቹ የተቆረጡ ቀዳዳ ብቅ አለ፤ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ነው። ከተገዛ ሁለት ዓመት ያለፈው ይህ ሪሲቨር ለካ ኤችዲ ኖሯል፤ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ስለኖረ ያንን ቀዳዳ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ይህ ዓይነቱ መሰኪያ በ1995 (እ.ኢ.አ) ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ምስልንም ድምፅንም በአንድ ገመድ፣ ዲጂታልነቱን ሳይለቅ ያስተላልፋል። የጎደለው ገመዱ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲሸጥ ገመዱ አብሮት አልመጣም፤ ብዙ ጊዜም አይመጣም።

ልጁ በማግስቱ ወደ ሶዶ ሳይሆን ወደ አረካ ሄዶ ገመዱን ገዝቶ መጣ። ዋጋው ከአንድ ዶሮ ያነሰ ነው። ባለሱቁ «በወርቅ የተለበጠ» የሚል ውድ ገመድም አሳይቶት ነበር። ለአንድና ለሁለት ሜትር እርቀት እንዲህ ያለውን አትግዙ፤ በዲጂታል ገመድ ምስሉ ወይ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ ይብለጨለጫል፣ ይጠፋል እንጂ ወርቁ አያጠራውም።

ከመሰካታችን በፊት ሁለቱንም ዕቃ ከሶኬት ነቀልን። ይህን እንደ ተራ ምክር አትዩት። መሬት በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ሪሲቨር ብረቱ ሲነካ ነዘር ነዘር ያደርጋል፤ ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ በስስ የኤችዲኤምአይ ጥርስ በኩል ሲያልፍ መሰኪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ወደ ዲሹ የሚሄደው ገመድም ባዶ አይደለም፤ ሪሲቨሩ በእሱ በኩል 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። የውጪው ሽቦ ጭራ መሐሉን ከነካ ሪሲቨሩ ለጉዳት ይዳረጋል።

ሰክተን ስናበራ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ሲግናል የለም አለ። ልጁ «አየህ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ፤ ንዴቱ አክብሮቱን አስረስቶታል። ቴሌቪዥኑ ግን ገና ቢጫውን ገመድ እየጠበቀ ነበር። በቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ በሪሲቨሩ አይደለም፣ ሶርስ የሚለውን ተጭነን የሰካንበትን ኤችዲኤምአይ አንድ መረጥን። ምስሉ መጣ፤ የተሻለ ቢሆንም ገና ሙሉ አልጠራም። ሪሲቨሩ ውስጥ ገብተን የምስል ማስተካከያውን ስናይ 576 ላይ እንደተቀመጠ አገኘነው። ወደ 1080 አሳደግነው፣ የስክሪኑንም ቅርጽ ከ4፡3 ወደ 16፡9 ለወጥነው። ያን ጊዜ ወፍራሞቹ ሰዎች ሁሉ ወደ ልካቸው ተመለሱ።

እናቲቱ ጥቂት ጣቢያዎችን ካለፉ በኋላ «ይኸኛውስ ለምን እንደዚያኛው አልሆነም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከብዙዎቻችን የበለጠ ነው። ጣቢያው ራሱ ኤችዲ አድርጎ ካላሰራጨ ቴሌቪዥኑም ገመዱም ያልተላከውን ነጥብ ሊፈጥሩ አይችሉም። አልፎ አልፎ ደብዛዛ ጣቢያ ብታገኙ ሌሎቹ ከጠሩ ምንም አትነካኩ።

ሪሲቨራችሁ ይህ ቀዳዳ ከሌለው ምን ይደረግ? ያ ሪሲቨር ኤችዲ ጣቢያዎችን መክፈት ስለማይችል ድምፅ ብቻ ይሰጣችኋል፣ ወይም ጭራሹን አያሳያችሁም። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የቴሌቪዥኑን ጀርባ እዩ። አንዳንዱ ቴሌቪዥን የሳተላይት መቀበያ ውስጡ አለው፤ የዲሹን ገመድ በቀጥታ የምታጠብቁበት ባለ ጥርስ ብሎን ይኖረዋል። የመሬት አንቴና መሰኪያውም ሊመስለው ስለሚችል አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። እግረ መንገዴን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች የኬብል ድርጅት በሚሰጣችሁ ሳጥን ብትጠቀሙም ከሳጥኑ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ነገር ያው ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። የምዕራቡን ዲሽ ከፍተን የመካን ሐረም ካገኘን በኋላ ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ጋ በቪዲዮ ደወለ። ወንድምየው መጀመሪያ አላነሳም። ሁለተኛም አላነሳም። እናቲቱ በራሳቸው ስልክ ሲደውሉ አነሳ። ልጁ ምንም ሳይናገር የስልኩን ካሜራ ወደ ስክሪኑ አዞረው፤ ከዚያም ወደ አሮጌው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ፣ መሬት ላይ ወደ ወደቀው። በወዲያኛው በኩል ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሲናገር ድምፁ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ይሄኛው እንኳ የሲግናል ይሁን የሌላ እኔ አላውቅም።

«እማ፣ ልጁን ስጪኝ» አለ።

ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እኔም ጫማዬን ለበስኩ፤ ዒሻም ደርሶ ነበር።