ስንት መሮ አላችሁ?



ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለው አሮጌው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ብዙ ሰው ደነገጠ። በእኛ በደነባም ሆነ ወደ አንኮበር ግን የአሮጌ ቤት የጥድ ምሰሶ ያለ እሳትም ያልቃል፤ ጣሪያ ያፈሳል፣ እንጨቱ ይነቅዛል፣ ከዚያ «እድሳት» ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል። (ማፍረስ ብንለው ይሻል ነበር።) ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍናል፤ የምሰሶው እግር ከውስጥ ይበሰብሳል። አዋቂ አናጺ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጥላል፤ ደህናውን አይነካም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አስገብቷልና፣ ይህን ጥበብ ለተማሪዎች የማስተማሪያው ጊዜ አሁን ነው። በዚህ እትም ስለ እንጨት አመራረጥ፣ ስለ መሮና መላጊያ አያያዝ፣ ስለ ምሰሶ አቀጣጠል ታነባላችሁ። ለርዕሳነ መምህራን ደግሞ በአክብሮት አንድ ጥያቄ አለን፦ ትምህርት ቤታችሁ ስንት መሮ አለው?