ላሟ የእኔ ናት፤ ሽታው ግን የማን ነው?

በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ወደ ኢማም የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። ጾም የሚያፈርሰውና የማያፈርሰው፣ የበሽተኛ ፊድያ፣ የዘካተል ፊጥር መጠን፣ ያለፈ ቀን ቀዷ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ እየተጨመረ ነው። «ኡስታዝ፣ ከበላዬ ያለው ጎረቤት በረንዳው ላይ ዶሮ ያረባል፤ ዝም ልበል?» «ለዒድ የገዛሁትን በግ ኮሚቴው አስወጣ አለኝ፤ ትክክል ነው?» «ወደ መስጂድ ስመጣ ውሻ ልብሴን ነካኝ፤ ሶላቴ እንዴት ይሆናል?» ከተማው ወደ ላይ እያደገ፣ ግቢው እየጠበበ ሲሄድ የእነዚህ ጥያቄዎች መብዛት አይገርምም።

የአገር ቤት ልማዳችን ከእኛ ጋር ከተማ ገብቷል። እኔ በቀራሁበት የወሎ መንደር የሸይኻችን በቅሎ ከመስጂዱ አጥር ሥር ታድር ነበር፤ እኛ ደረሶች በተራ ሣር እናቀርብላታለን። ሸተተኝ ያለ ሰው አላስታውስም። የሚቀጥለው ቤት ከእርሻ ማዶ ነበራ! አዲስ አበባ ውስጥ ግን የሚቀጥለው ቤት ከግድግዳው ማዶ ነው። እንስሳው ያው ነው፤ የጎረቤት ሐቅ ግን እዚህ ላይ ይከብዳል።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። ስማቸው እስካልተጠራ ድረስ እንድጽፈው ባለጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል። ስምንት አባወራ የሚኖርበት፣ ውሃውም መጸዳጃውም የጋራ የሆነ የቆየ የቀበሌ ግቢ ነው። ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ከመጀመሪያው ሰፍ የማይጠፋ ደግ ሰው፣ የወተት ላም ገዛ። በረመዳን ከሚያልበው ወተት በየቀኑ አንድ ጀሪካን ለመስጂዱ ማፍጠሪያ ያመጣል። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ጎረቤቱ ደግሞ አስም ያለበት ልጅ አላት። የእበቱ ሽታና ዝንቡ እንዳስቸገራት ሁለት ጊዜ ነገረችው። እሺ ብሏት ጠረገ፤ ግን ላም ያው ላም ናት። በሦስተኛው ለወረዳ አመለከተች። ሰውየው «የጾመኛ ወተት ልታስቀርብኝ ነው» ብሎ ተቆጣ። ሴትየዋ ክርስቲያን ስለሆነች አንዳንዱ ነገሩን የሃይማኖት አስመሰለው። ጀማዓው ለሁለት ተከፈለና ጉዳዩ እኔ ዘንድ መጣ።

እኔ ያልኩት አጭር ነው፤ ላሟ ትውጣ። ወተቱ ሰደቃ መሆኑን ማንም አልካደም። ሰደቃ ግን ከራስ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ከጎረቤት ልጅ ትንፋሽ አይሰጥም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሌሊቱን በሶላት፣ ቀኑን በጾም ስለምታሳልፍና ብዙ ሰደቃ ስለምትሰጥ ሴት ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነገራቸው፤ ጎረቤቶቿን ግን በምላሷ ታስቸግራለች። መልካም ነገር እንደሌላትና የእሳት እንደሆነች ተናገሩ። ይህን ሐዲስ በየረመዳኑ እናነባለን። ምላስ ላይ ብቻ አቁመነው እንጂ ሽታም፣ ጭስም፣ ጩኸትም የጎረቤት አዛ መሆኑን አናጣውም።

ጎረቤቷ ክርስቲያን መሆኗስ? ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤት በግ ታርዶ ሳለ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁ። ጂብሪል ስለ ጎረቤት አጥብቆ ከማሳሰቡ የተነሳ ነብዩ ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ የሚለውን ሐዲስ ያስረዱት ለዚሁ ጎረቤት ነበር። ስለዚህ ይህ በር ተዘግቷል፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው።

«ላ ደረረ ወላ ዲራር» የሚለው መሠረት፣ ማለትም ጉዳት ማድረስም በጉዳት መመላለስም የለም የሚለው፣ በየመድረሳው የሚቀራ ነው። የፊቅህ ሰዎች ይህን ይዘው የከተማ ጎረቤትን ጉዳይ በዝርዝር ተንትነዋል። በስምንተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ቱኒስ ውስጥ ኢብኑ ራሚ የሚባል ግንበኛ ነበር። ቃዲዎች በጎረቤት ክርክር ላይ አዋቂ አድርገው ይልኩት ስለነበር ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አስቀምጦታል። ጎረቤት ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ዋና አድርገው እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን ነው። አሁን ደግሞ በ1952 የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ተመልከቱ። ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክልና ከመልካም ጉርብትና በላይ የሆነ ጭስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንቅናቄን ይጠቅሳል። ሕጉን ያረቀቁት የቱኒሱን ግንበኛ አንብበው አይመስለኝም። ሰው ግን አንድ ላይ ሲኖር የሚያስቸግረው ነገር ያው ነው።

ላሟ ሱሉልታ ሰፊ ግቢ ወዳለው ዘመድ ሄደች። ወተቱ አሁን በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ልጁ ዳነ ልላችሁ አልችልም፤ አስም ከላም ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሁለቱ ቤቶች ግን ሰላም ይባባላሉ።

ከዚህ ተነስቶ «እንስሳ ሁሉ ከከተማ ይውጣ» ለሚል ግን አልፈርድለትም። ሕጉም «ከመልካም ጉርብትና በላይ» ነው ያለው። ፉቀሃዎቹም የተለመደና ቀላል የሆነውን ጎረቤት እንዲታገሠው፣ የበዛውን ባለቤቱ እንዲያስቀር ለይተዋል። ሁለት ዶሮና አርባ ዶሮ አንድ አይደሉም። የአውራ ዶሮ ጩኸት ያስቸገረው ሰው ቢያማርር እሰማዋለሁ፤ ግን ነብያችን አውራ ዶሮ ወደ ሶላት ይቀሰቅሳልና አትስደቡት ማለታቸውን አስታውሰዋለሁ። በሱሑር ሰዓት ስልኩ ሳይጮህለት የቀረ ሰው ይህን በደንብ ይገነዘበዋል።

እዚህ ላይ በጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖሩ ቤተሰቦችን ላናግር። የጋራ ህንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ስለዚህ በየብሎኩ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚወስነው ነው። የእኛ ሰው ግን ስብሰባው ሲጠራ ሱቅ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ቤት የለም። ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ነው «ማን ጠየቀኝ» የሚለው። ሙስሊም በገባው ውል ላይ መቆም አለበት። ስብሰባ ባለመሄዴ ውሉ አይመለከተኝም ማለት አያዋጣም።

ደንብ አውጪዎቹም ቢሆኑ ከሐቅ ውጭ ሲሄዱ አይቻለሁ። «ማንኛውንም እንስሳ ማኖር ክልክል ነው» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ቀላል ነው። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ ግን አይጥ የምትጠብቅ ድመትም፣ እንቁላል ሸጣ የቲሞችን የምታሳድግ እናት ዶሮዎችም አብረው ይወድቃሉ። አንዲት እህታችን ከአምስት ዓመት በላይ በጓሮዋ ዶሮ ስታረባ የኖረች፣ ማንም ቅሬታ ሳያቀርብባት በሦስት ቀን አስወግጂ ተብላለች። በሦስት ቀን ውስጥ የሚሸጥ ዶሮ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ያን ሰሞን በዚያው ግቢ ለበዓል የተገዛ የአንድ ኮሚቴ አባል በግ ደረጃው ሥር ታስሮ ይጮህ ነበር። ደንብ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ጉልበት ነው።

መንግሥት ራሱ ከ2015 ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ስም ቤተሰብ ዶሮ እንዲያረባ፣ ወተት እንዲያመርት፣ ንብ እንዲያነብ ሲያበረታታ ቆይቷል። በአንድ እጅ አርቡ እየተባለ በሌላው እጅ አስወግዱ ከተባለ ድሃው መሐል ላይ ይቀራል። የሚሻለው እንስሳውን ሳይሆን ጉዳቱን መከልከል ነው። ስንት ዶሮ፣ ከመስኮት ምን ያህል ርቆ፣ በስንት ቀን ተጠርጎ፣ ፍጉ የት ተጥሎ የሚለው ይጻፍ። ቦታ ያለው ሳይት ከሆነ አንድ ጥግ ለጋራ ይከለል። መውጣት ያለበት ደግሞ ሰው ሳይከስር የሚሸጥበት ጊዜ ይሰጠው።

የጎረቤት ሐቅ ብቻ አይደለም ያለው፤ የእንስሳውም ሐቅ አለ። በ660 ሂጅሪ የሞቱት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዲሰላም እንስሳ በባለቤቱ ላይ ያለውን ሐቅ ሲዘረዝሩ አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥም እንዲቀለብ፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ ከሚጎዳው እንስሳ ጋር እንዳይታጎር፣ ግልገሉ ፊቱ እንዳይታረድ አስቀምጠዋል። ይህን ይዛችሁ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየጠበሰው፣ ባጭር ገመድ አምስት ቀን የሚቆም በግ አስቡ። ድመቷን አስራ በረሃብ በመግደሏ እሳት የገባችውን ሴት ታሪክ ለልጆቻችን እንነግራለን፤ በጉን ግን ልጆቹ እያዩት በረንዳ ላይ እናስጠማዋለን። ቦታ የሌለው ቤተሰብ በጉን ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ባይገዛ፣ ወይም ከሻጩ ጋር ተስማምቶ እዚያው ቢያሳድር ምን ይጎዳል?

ወደ ውሻ ልምጣ፤ በዚህ ላይ የእኛ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት ብዙ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ጉዳይ ውሻ ማኖርን ከልክለዋል። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ግን ፈቅደዋል። ኢማም ነወዊን የመሰሉ ዓሊሞችም ለቤት ጥበቃ ማኖርን በዚሁ ላይ ቀይሰው ፈቅደዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ሆኖ ይታጠባል፤ ማሊኪዮች ደግሞ ውሻ ራሱ ነጃሳ አይደለም ይላሉ። ደረቅ ውሻ ደረቅ ልብስን ቢነካ ግን ሻፊዒዮችም ዘንድ ነጃሳ አይተላለፍም። ወደ ተራዊህ ስትሄዱ ውሻ ታከካችሁ ብላችሁ ሶላት አትተዉ።

እዚህ ያለው ሌላው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። «ነጃሳ ነው» ብለን ያስተማርነው ልጅ ድንጋይ አንስቶ ሲወረውር ዝም እንላለን። ከጎረቤት ጋር የተጣላ ጎልማሳ ለውሻው መርዝ ሲጥል የዲን ሥራ የሠራ ይመስለዋል። የተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ያገኘበት ዲን ነው ያለን! መርዙ ደግሞ ድመትም፣ ሕፃንም፣ ላምም አይለይም። ውሻ ያላቸው ጎረቤቶቻችንም የራሳቸው ግዴታ አለባቸው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው ቢያመልጠው እንኳ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ውሻውን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ፣ በሱሑርና በፈጅር ሰዓት አጥር ውስጥ ማስገባት ከባድ ጥያቄ አይደለም። በሰላም ጊዜ ቡና ላይ ከተነገረ ብዙው ሰው ይሰማል።

ልጃችሁ በውሻ ከተነከሰ ወይም ከተቧጠጠ ቁስሉን ወዲያውኑ በወራጅ ውሃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጀመሪያ እኔ ዘንድ አታምጡት። ሩቅያ ከሕክምናው ጋር ይሆናል እንጂ ክትባቱን አይተካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የዒዱን እርድ በሚመለከት፣ ብዙ የጋራ መኖሪያ ሳይቶች ሲሠሩ ለምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠርቶላቸዋል። አንዳንዱ ዛሬ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኗል። ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ የሌላችሁ ከኮሚቴው ጋር ቦታና ሰዓት ተነጋገሩ፤ ደም ወደ ጎርፍ መውረጃ አይልቀቅ። ቆዳ ዋጋ አጣ ተብሎ መንገድ ዳር ሲጣል ሦስት ቀን የሚሸተው ለጎረቤት ነው፤ ሰብሳቢ ካልመጣ በጨው አሽታችሁ አቆዩት፣ ካልሆነም ቅበሩት። ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ በጭራሽ ለውሻ አትወርውሩት። ውሻው ጥሬውን በልቶ ትሉን በሆዱ ያራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችን እጅና አፍ ይመለሳል። ጥልቅ ጉድጓድ ይበቃል። አራጁን ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ከገቡ በኋላ ኮሚቴም አራጅም በስልክ አይገኝም።